ማን ይመስክርልህ?

በየፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡትን ራፖር ጸሐፊዎች የማያውቅ ከተሜ ያለ አይመስለኝም። የጽሕፈት መኪናው በኮምፒዩተር ተተክቶ ይሆናል እንጂ ሙያው ያው ነው። ባለጉዳይ መጥቶ ሲቀመጥ ሦስት ነገር ይጠይቁታል። ምን ደረሰብህ? ምን እንዲደረግልህ ትፈልጋለህ? ምስክርስ አለህ ወይ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ባለጉዳይ ሁሉ አሳምሮ ይመልሳል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ብዙው አንገቱን ይደፋል። እውነት ይዞ ምስክር ማጣት በዚህ አገር የቆየ ሕመም ነው።

እኔ ራፖር ጸሐፊ አይደለሁም። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ፣ በየመጽሔቱ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ብዕር የያዘ ሰው በዘመድ አዝማድ ዘንድ የሁሉም ነገር ጸሐፊ ነው። ለዕድሩ ቃለ ጉባዔ፣ ለሰርጉ ጥሪ፣ ለሟች የሕይወት ታሪክ፣ ለቀበሌ አቤቱታ የሚጠራው እርሱ ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የአክስቴ ልጅ ይዞልኝ የመጣው ማመልከቻ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። አሜሪካ አገር ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ገብቶ በኢኮኖሚክስ ዶክትሬቱን ለመማር የሚቀርብ ማመልከቻ ነበር።

ልጁን በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ከአዲስ አበባ ራቅ ካለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በ2011 ዓ.ም. በኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዟል። አማካይ ውጤቱ ከ4 ነጥብ 3.08 ነው። የሚያሳፍር አይደለም፤ በማዕረግ የሚያስመርቅም አይደለም። ካልኩለስ ላይ «ሲ» አለ፤ ኢኮኖሜትሪክስ ላይ «ቢ ፕላስ»፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ «ኤ»። ከተመረቀ ወዲህ የያዘው ሥራ መረጃ መሰብሰብ ነው። ታብሌት አንግቶ ከገጠር ገጠር እየዞረ ለሌሎች ሰዎች ጥናት መጠይቅ ሲያስሞላ አምስት ዓመት ሞልቶታል። ስሙ የታተመበት አንድም ጥናት የለም።

«ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ይኼን አሳምረህ ጻፍልኝ» አለኝ።

ማሳመር እንጀራዬ ነው። ለዚህ ጉዳይ ግን ማሳመር የሚበጅ አልመሰለኝም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት አስቀድሜ የዚያን ችሎት አሠራር መናገር አለብኝ።

የአሜሪካ የኢኮኖሚክስ ዶክትሬት እኛ እንደለመድነው በማስተርስ በኩል ብቻ የሚወጣ መሰላል አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው በቀጥታ ማመልከት ይችላል። ትምህርቱ አምስትና ስድስት ዓመት ይፈጃል። ብዙዎቹ ስም ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የተቀበሉትን ተማሪ የትምህርት ክፍያ አያስከፍሉትም። እንዲያውም መተዳደሪያ ቆርጠውለት፣ በምላሹ ረዳት መምህር ወይም ረዳት ተመራማሪ ሆኖ እንዲያገለግል ያደርጉታል። የድሃ ልጅ ዓይኑን የሚጥልበት ምክንያት ይህ ነው፤ በሩ የጠበበበትም ምክንያት ይኸው ነው። በአንድ ስመ ጥር ትምህርት ክፍል ለሃያ ገደማ ወንበር በብዙ መቶ የሚቆጠር ማመልከቻ ይቀርባል። ማመልከቻው በአብዛኛው በታኅሣሥ መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል፤ መልሱ ከጥር እስከ መጋቢት ይመጣል። ዕድል የቀናው ደግሞ እነርሱ ኤፕሪል 15፣ እኛ ሚያዝያ 7 በምንለው ቀን የመጨረሻ ውሳኔውን ያሳውቃል።

የሚላከው ሰነድ ብዙ አይደለም። የውጤት ዝርዝር አለ። ጂ.አር.ኢ. የሚባል ፈተና አለ፤ የሒሳቡ ክፍል ከ130 እስከ 170 ይታረማል። ተማሪው ራሱ የሚጽፈው የዓላማ መግለጫ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሦስት የምስክርነት ደብዳቤዎች አሉ፤ ተማሪዎቹ «ሪኮመንዴሽን» የሚሏቸው።

እንግዲህ 3.08ን ዳኞቹ እንዴት ያዩታል? እኛ ዘንድ ተማሪዎች ሲቀልዱ፣ «ኤ» የእግዜር ነው፣ «ቢ» የመምህሩ ነው፣ ለተማሪ የሚተርፈው «ሲ» ነው ይላሉ። ቀልዱን እኛ እናውቀዋለን። አንድ የቺካጎ ወይም የቦስተን ፕሮፌሰር ግን አያውቀውም። ዩኒቨርሲቲውን ሰምቶት አያውቅም፤ መምህራኑን አያውቃቸውም፤ እዚያ 3.08 ያመጣ ልጅ ከክፍሉ አሥረኛ ይሁን መቶኛ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ቁጥሩ ለእርሱ ፍርድ ሳይሆን ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የሚመልስለት ሰው ካላገኘ ወረቀቱን ወደ ጎን ያደርገዋል። ክፋት አይደለም፤ ከፊቱ ገና ሌላ አራት መቶ ማመልከቻ ተቆልሏል።

ካልኩለስ ላይ ያለችው «ሲ» ግን ከአማካዩ የከፋች ናት። የጤፍ ዋጋና የሥራ አጥነት ጉዳይ ያጠናል የሚባለው ትምህርት ሒሳብ ላይ ይህን ያህል ለምን ይጨክናል? ይህን የአክስቴን ልጅ ብጠይቀው በቡና ቤት ናፕኪን ላይ ሥዕል እየሳለ አስረዳኝ። በ1954 እ.ኤ.አ. ኬኔት አሮውና ዤራር ደብሩ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት አንድ ጥናት አሳተሙ። ጥያቄያቸው እንዲህ ነበር፦ በሺህ የሚቆጠር ገበያ በአንድ ጊዜ ቢከፈት፣ ሻጭና ገዢ ሁሉ የሚስማማበት የዋጋ ዝርዝር በእርግጥ አለ ወይ? መኖሩን ያረጋገጡት ገበያ ወጥተው አይደለም፤ በሒሳብ ማረጋገጫ ነው። ከዚያ ወዲህ የኢኮኖሚክስ ዶክትሬት የመጀመሪያ ዓመት በእንደዚህ ዓይነት ማረጋገጫ የተሞላ ሆነ። ማይክሮ፣ ማክሮ፣ ኢኮኖሜትሪክስ ይባላሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ከባድ ፈተና አለ፤ ፈተናውን ያልቻለ ይሰናበታል። ዳኞቹ ትራንስክሪፕት ሲያዩ የሚፈልጉት ይህ ልጅ ያን ዓመት ይወጣዋል ወይስ ይወድቅብናል የሚለውን ነው። ለዚህም ነው የካልኩለስ መሠረቱ ራሱ የሚመረመርበትን «ሪል አናሊሲስ» የተባለ የሒሳብ ትምህርት ወስዶ «ኤ» ያገኘ አመልካች የሚወደደው። የእኛ ልጅ ይህን ትምህርት አልወሰደም። በእርሱ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ የሚሰጠው ለሒሳብ ተማሪዎች እንጂ ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች አልነበረም።

ቀጥሎ የምርምር ልምድ ይጠየቃል። በአሜሪካ ከዶክትሬት በፊት ሁለት ዓመት ለአንድ ፕሮፌሰር በረዳት ተመራማሪነት መቀጠር እየተለመደ መጥቷል። ያ ፕሮፌሰር በኋላ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤውን የሚያነቡት ደግሞ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። የሁለት ዓመቱ ሥራ ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የምርምር ልምድ ማለት በአብዛኛው አንድ የታወቀ ሰው በዓይኑ ሲያይህ ሠርተሃል ማለት ነው።

የእኛ ልጅ አምስት ዓመት ሙሉ ሠርቷል፤ ያየው ሰው ግን ማን ነው? ያዩት ገበሬዎች ናቸው። ያየው ሾፌሩ ነው። ያየው አበል የሚያወራርደው ሱፐርቫይዘር ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ በኩል የማትናቅ አገር ናት። በ1994 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርዱ የአፍሪካ ኢኮኖሚዎች ጥናት ማዕከል ጋር ሆኖ፣ በ15 የገበሬ ማኅበራት የሚኖሩ ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን መጠየቅ ጀመረ። እነዚያኑ ቤተሰቦች እየተመላለሰ እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ ጠይቋቸዋል። ስለ ድርቅ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ምግብ እጥረት በዓለም የታወቁ ብዙ ጥናቶች በዚያ መረጃ ላይ ተሠርተዋል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ከዓለም ባንክ ጋር የሚያካሂደው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት አለ፤ መረጃው ለማንም ተመራማሪ ክፍት ነው። በእንዲህ ያሉ ጥናቶች ጀርባ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የጠየቀ፣ ውሻ የተባረረበት፣ ቆጥ ላይ ያደረ የእኛ አገር ልጅ አለ። በጥናቱ ላይ የሚገኘው፣ የተገኘ እንደሆነ፣ «መረጃ ሰብሳቢዎችን እናመሰግናለን» በምትል አንዲት መስመር ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው የዓላማ መግለጫው ረቂቅ ይህን ሁሉ ትቶት ነበር። «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ድህነትን ከኢትዮጵያ ምድር የማጥፋት ሕልም ነበረኝ» ብሎ ይጀምራል። በሁለተኛው አንቀጽ ካልኩለስ የተማረበት ዓመት በግቢው ብጥብጥ የነበረበት እንደሆነ ያትታል። በሦስተኛው ስለ ዩኒቨርሲቲው ታላቅነት ለራሱ ለዩኒቨርሲቲው ይነግረዋል። ሕልም፣ ሰበብ፣ ውዳሴ። የአቤቱታ አጻጻፋችን እንዲህ ነው፤ ለክቡርነትዎ ብለን እንጀምራለን፣ ችግራችንን እንዘረዝራለን፣ ዕድሜ ይስጥልን ብለን እንፈርማለን።

ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩትና ስለ ሥራው ጠየቅሁት። ጋዜጠኛ ሌላ ነገር ባያውቅ መጠየቅ ያውቃል። ማውራት ሲጀምር ሌላ ሰው ሆነ። ገበሬው መሬቱን በጥማድ፣ ምርቱን በቁናና በማዳበሪያ ጆንያ ሲነግረው ታብሌቱ ሄክታርና ኪሎ እንደሚጠይቅ ነገረኝ። የከብቶቹን ቁጥር መናገር የማይወድ ገበሬ እንዳለ፣ ከፊሉ ግብር ፈርቶ፣ ከፊሉ ዓይን ፈርቶ እንደሆነ አጫወተኝ። ከዚያ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጣል አደረገ።

«ባለፉት ሰባት ቀናት ቤተሰቡ ምን በላ ብለን እንጠይቃለን። በሁዳዴ የጠየቅነው ቤት ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ጎረቤቱን ከፋሲካ በኋላ ስንጠይቀው ሁሉም አለ። እኔ ሁልጊዜ እገረማለሁ፤ የለካነው ድህነታቸውን ነው ወይስ ጾማቸውን?»

«ይኼን የት ጻፍከው?» አልኩት።

«ይኼማ የመስክ ወሬ ነው» አለኝ።

እኔ ኢኮኖሚስት አይደለሁም። ነገር ግን በዚያ ረቂቅ ላይ ከተደረደረው ሁሉ ይህች አንዲት ጥያቄ እንደምትበልጥ ለመገንዘብ ዲግሪ አያስፈልግም። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ሌሎቹም አጽዋማት አሉ። መጠይቁ የተሞላበት ቀን በመረጃው ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ስለዚህ ጥያቄው መልስ ሊገኝለት የሚችል ጥያቄ ነው። ያን የጠየቀው ደግሞ አሜሪካ ተቀምጦ ሰንጠረዥ የሚያይ ሰው ሳይሆን፣ በጾም ቀን ከገበሬው ጋር ሽሮ የቀመሰ ሰው ነው።

ልጁ ሥራ አወቀ። ለሕዝብ ክፍት የሆነውን መረጃ ከዓለም ባንክ ድረ ገጽ አወረደ። ማታ ማታ፣ መብራት ሲኖር፣ ቁጥሩን ሲያገላብጥ ሁለት ወር ቆየ። የጻፈው ነገር ጥናት የሚባል አልነበረም፤ የ12 ገጽ ማስታወሻ ነው። ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንዳገኘ፣ ምን ማረጋገጥ እንዳልቻለ ይናገራል። ያን ማስታወሻ ቀደም ሲል መረጃ ለሰበሰበላቸው አንድ የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ላከላቸው። እኚህ ሰው ለአምስት ዓመት የሚያውቁት በደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ ባለው ስሙ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወሉለት። አንድ ሰዓት ሙሉ አፋጠጡት፤ ስሕተቱን አሳዩት፤ እንዲያርም ነገሩት። አርሞ ሲመለስ፣ «ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ» አሉት።

ምስክር እንዲህ ተገኘ። ደጅ በመጥናት አልተገኘም፤ የሚያዩት ነገር አስቀድሞ በእጃቸው በመግባቱ ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤ ሌላ ታሪክ አለው። የመመረቂያ ጽሑፉን ያማከሩት መምህር ሲጠየቁ፣ «ጊዜ የለኝም፤ አንተው ጻፈውና ልፈርምበት» አሉት። ይህ አሠራር የተለመደ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ልጁም ደብዳቤውን እንደ መምህሩ ሆኜ እንድጽፍለት መጣ። አልጻፍኩለትም። ነገሩ ሐሰተኛ ምስክር ማቆም ነው፤ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ የሙያ ነው። እኔ የምጽፈው ደብዳቤ «ታታሪ፣ ጨዋ፣ ሰዓት አክባሪ» ከማለት አያልፍም። ዳኞቹ የሚፈልጉት ጨዋነቱን አይደለም። ካስተማሩት ተማሪ ሁሉ ይህ ልጅ ስንተኛ ነው? ያልተሰጠውን ጥያቄ ፈልጎ ያውቃል? ሲሳሳት ምን ያደርጋል? ይህን መናገር የሚችለው ያስተማረው ብቻ ነው።

መክፈያ የሌለው ዕዳ እንዳይሆን አንድ መላ መከርኩት። ለመምህሩ ደብዳቤ አትጻፍላቸው፤ ማስታወሻ ጻፍላቸው። በየትኛው ዓመት ምን እንዳስተማሩህ፣ የመመረቂያ ጽሑፍህ ስለ ምን እንደነበር፣ እርሳቸው የትኛውን ምዕራፍ እንደገና እንዳሠሩህ፣ አንተም ምን እንዳደረግህ በአንድ ገጽ አስታውሳቸው። ሰው የሚጽፈው ሲያጣ ነው ጻፈውና ልፈርም የሚለው። መምህሩ ወረቀቱን ተቀበሉት። ሁለት ሳምንት ዘግይተው ደብዳቤውን ላኩለት። ምን እንደጻፉ አናውቅም፤ ደብዳቤው በቀጥታ ከጸሐፊው ወደ ዩኒቨርሲቲው ይሄዳል እንጂ በአመልካቹ እጅ አያልፍም። ሦስተኛውን የጻፉለት ኢኮኖሜትሪክስ ያስተማሩት መምህር ናቸው።

የዓላማ መግለጫው በጾሙ ጥያቄ ጀመረ። ስለ «ሲ»ዋ የቀረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። በካልኩለስ ያገኘሁት ውጤት ዝቅተኛ ነው ይላል አንዱ። ከዚያ ወዲህ ኤም.አይ.ቲ. በኢንተርኔት ከሚሰጣቸው የኢኮኖሚክስና የዳታ ትምህርቶች ሁለቱን ተከታትዬ ፈተናቸውን አልፌያለሁ ይላል ሌላው። ስለ ብጥብጡ አንድም ቃል የለም። ብጥብጡ ውሸት ሆኖ አይደለም። ሰበብ እውነት ቢሆንም አንባቢው ዘንድ የሚያደርሰው የተናጋሪውን ችግር እንጂ ችሎታውን አይደለም።

ስለ ገንዘቡም መናገር ይገባል፤ በእንዲህ ያለ ወሬ ውስጥ ገንዘብ ሁልጊዜ ይዘለላልና። ጂ.አር.ኢ. 220 ዶላር ያስከፍላል። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻውን ለማየት ብቻ በአብዛኛው ከ75 እስከ 125 ዶላር ይጠይቃል። የአክስቴ ልጅ ሰባት ቦታ አመለከተ። ሁለቱ አቅም እንደሌለው ጽፎ ሲያስረዳ ክፍያውን ምረውታል፤ ይህን መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ አመልካች ሁሉ ቢያውቅ እወዳለሁ። የቀረውን ሜሪላንድ ያለ ዘመድ በካርዱ ከፈለለት። ድምሩ 670 ዶላር ገደማ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ እርሱ ባመለከተበት ወቅት ከ120 ብር አልፏል። ስለዚህ ወጪው ከ80,000 ብር በላይ ነው። የልጁ የወር ደመወዝ፣ ሥራ ባለበት ወር፣ 9,200 ብር ነበር። አክስቴ የእቁባቸውን ዕጣ አውጥተው ሰጡት። ሲሰጡትም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ለመሆኑ ካልተቀበሉት ገንዘቡን ይመልሳሉ?»

አይመልሱም ስላቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያው እንደ ስለት ቁጠሩት» አሉ።

ፈተናው 163 መጣለት። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በታላላቆቹ ትምህርት ክፍሎች ተቀባይነት የሚያገኙት አብዛኞቹ ወደ 170 የተጠጉ ናቸው። ከየካቲት ጀምሮ መልሱ ይመጣ ጀመር። ከሰባቱ ስድስቱ «እናዝናለን» አሉ። በዚያው ሰሞን በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከመንግሥታቸው የሚያገኙት የምርምር ገንዘብ አስተማማኝ ባለመሆኑ የዶክትሬት ቅበላቸውን ቀንሰው ነበር። ይህ ለእርሱ ምን ያህል እንደጎዳው ማንም ሊነግረን አይችልም። ሰባተኛው ለዶክትሬቱ ሳይሆን ለማስተርስ ተቀበለው፤ ክፍያውን ራሱ እንዲችል። የአንድ ዓመቱ ክፍያ የአክስቴ ቤት ተሸጦ የሚሞላ አልነበረም። አመስግኖ ተወው።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ «ታዲያ ያ ሁሉ ድካም ምን ፈየደ?» ማለቱ አይቀርም። እኔም ከአክስቴ ጋር ሆኜ ጠይቄዋለሁ። መልሱን ያገኘሁት ያቺን የ12 ገጽ ማስታወሻ ተከትዬ ስሄድ ነው። ደብዳቤ የጻፉለት ባለሙያ ከዚያ በኋላ በሚመሩት ጥናት ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሳይሆን ረዳት ተመራማሪ አድርገው ቀጠሩት። መጠይቁ ሲዘጋጅ ተቀምጦ አስተያየት ይሰጣል። በ2018 ዓ.ም. አዲስ አበባ ማስተርሱን ጀመረ፤ ከዚያ ጎን ለጎን ፈቃድ ጠይቆ ከሒሳብ ተማሪዎች መካከል ሪል አናሊሲስ ይከታተላል። የመጀመሪያውን ፈተና ከግማሽ በታች ነው ያመጣው። ሁለተኛውን አሻሽሏል።

ሌሎች በሮችም አሉ፤ ወጣቶቻችን አሜሪካን ብቻ ስለሚያዩ ያልፏቸዋል እንጂ። በ1988 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና መቀመጫው ናይሮቢ የሆነው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ኮንሶርቲየም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በጋራ የዶክትሬት ትምህርት ሲያካሂድ ቆይቷል። የ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ተሸላሚዎቹ አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ በኤም.አይ.ቲ. ያቋቋሙት ፕሮግራም ደግሞ፣ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ትምህርት ጥሩ አድርጎ ያለፈ ሰው የመጀመሪያ ዲግሪ ባይኖረው እንኳ ለማስተርስ እንዲወዳደር ይፈቅዳል። መካከለኛ ውጤት ያለው ልጅ በአንድ ዝላይ ከሚገባ ይልቅ በእነዚህ መንገዶች በእግሩ ቢሄድ የሚደርስበት ዕድል የሰፋ ነው። ዕድሜ ይወስዳል፤ ዕድሜም ገንዘብ ነው፤ ይህን አልክድም።

ደግሞስ ዶክትሬት የግድ ነው ወይ? ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አልነበራቸውም። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ግን እስከ ዛሬ ይጠናል። ይሁንና ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ ስለ አገራችን ድህነት በዓለም ጉባዔ ላይ ተናጋሪው ወረቀት ያለው ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ የሚሰጠው በዚያ ጠባብ በር ላለፉት ነው። የእኛ ልጆች በዚያ በር ካላለፉ፣ እኛ ጠያቂ ሳንሆን ተጠያቂ ብቻ ሆነን እንቀራለን። የጾሙን ነገር የሚያውቅ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ አይኖርም ማለት ነው።

ስለዚህ ቃሌ ወደ መምህራንና ጥናት ወደሚመሩ ባለሙያዎች ነው። አሜሪካኖቹ ውጤታችንን እንዴት እንደሚያነቡ እኛ ልንወስን አንችልም። ምስክርነቱ ግን በእጃችን ነው። አንድ ተማሪ ደብዳቤ ሲለምናችሁ «ጻፈውና ልፈርም» አትበሉት። ሥራውን አምጣና ልየው በሉት። መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው በሉት፤ ይህም ውለታ ነው። ጥሩ ከሆነ ደግሞ ያያችሁትን፣ ያያችሁትን ብቻ፣ ጻፉለት። መረጃ ሰብሳቢ የምታሰማሩ ሆይ፣ ከመስክ ሲመለስ አበሉን ከማወራረዳችሁ ጋር ምን አየህ ብላችሁ ጠይቁት። በየዓመቱ ታብሌት አንግቶ ከሚወጣው ወጣት መካከል እንደዚያች የጾም ጥያቄ ያለ ነገር ይዞ የሚመለስ አይጠፋም። ጠያቂ ስላጣ የመስክ ወሬ ነው ብሎ ይተዋታል።

የአክስቴ ልጅ በመጪው ታኅሣሥ እንደገና ለማመልከት እየተዘጋጀ ነው። አክስቴም አዲስ እቁብ ገብተዋል። እኔ ዘንድ ግን ማመልከቻ ይዞ አልመጣም፤ አሁን የሚጽፈው እርሱ ራሱ ነው።